ሦስት ዲኬድ ከአራት ዓመት፤ ከጉደር አዲስ ዓለም

ያን ቀን ጠዋት ብቅል እያሰጣሁ ነበር። የበቀለውን ገብስ ከኮባው ቅጠል አውጥቼ ሰሌን ላይ ስበትን የልጄ ልጅ ሐዊ ስልኩን ይዛ ወጣች። "አኮ፣ ካዲስ ዓለም ነው" አለችኝ። አያትን በኦሮምኛ አኮ ነው የሚሉት፤ ከትንሽነቷ እንደዛ ነው የምትጠራኝ። ይሄንንም እኔ እያወራሁ የምትጽፈው እሷው ናት።

"አክስቴ፣ ግርማ ነኝ" አለ ሰውየው። የታላቅ እህቴ የእትዬ በላይነሽ ልጅ ነው፤ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። "እማን ትንሽ አሟታል። ቢመጡ ጥሩ ነው።"

ብቅሉ ከእጄ ላይ ወደቀ። በኛ አገር "ትንሽ አሟታል፣ ቢመጡ" ከተባለ ሰው ሞቷል ማለት ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይ እንዳትወድቂ ብለው አሟታል ይሉሻል፣ ስትደርሺ ድንኳን ተተክሎ ታያለሽ።

ከእህቴ ጋር ተኳርፈን ነው የኖርነው። የሐዊን አባት ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁ እናታችን አዲስ ዓለም ሞተች። እትዬ ቀብራ፣ ሰልስት አውጥታ፣ ለኔ ሳትልክብኝ ቀረች። የሰማሁት ልጁ ክርስትና ከተነሳ በኋላ ነው፣ ያውም ከገበያተኛ። እናቴን አፈር ሳላለብስ! "ደጅሽን ብረግጥ!" ብዬ ማልኩ። አልረገጥኩምም።

ጥቁር ቀሚሴን ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ሐዊ እንዳታየው ላዩ ላይ ብርቱካን ጨመርኩበት። ለጎረቤቴ ለአዴ ጫልቱ በስልክ የተባልኩትን ነግሬ ብቅሉን አደራ አልኳት።

"ዶሮ እንዳይበላው።"

"አንቺ ሂጂ፣ ዶሮውን ለኔ ተዪ" አለችኝ። እሷም ባኮ ካለው ወንድሟ ጋር ከተጣሉ ቆይተዋል። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

ከጉደር እስከ አምቦ

ሚኒባሱ ውስጥ አምስት ሆነን አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ረዳቱ "ማዘር፣ ጠጋ ይበሉ" ይላል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ "ከዚህ በላይ ከተጠጋሁ ወንዙ ውስጥ ነው የምታገኘኝ" አልኩት፤ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የሐዊን ፊት ነበር የማየው። የምታውቀው ነገር ካለ ፊቷ ይነግረኛል ብዬ።

አምቦ መናኸሪያ ባጃጁና ሰዉ ተደባልቆ መሄጃ የለም። እስከ አዲስ ዓለም የሚሄድ መኪና እስኪሞላ ፀሐዩ አናታችን ላይ መጣ።

ከአምቦ እስከ ጊንጪ

በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። ጤፉ ቢጫ ሆኗል፣ አንዳንዱ ጋ አጨዳ ጀምረዋል። ሐዊ ደብተሯን አወጣች፤ ሰኞ የእንግሊዝኛ ፈተና አለባት። ዓይኗን ጨፍና አንድ ነገር ትደጋግማለች።

"ምንድነው እሱ?"

"ቃል ነው። ዲኬድ። አስር ዓመት ማለት ነው።"

"አስሩም በሙሉ? ባንድ ቃል?"

"አዎ፣ አኮ። መቶ ዓመትም አለ፣ ሴንቸሪ።"

"መቶውን ተዪው፣ እኔ አልደርስበትም።"

እኔ ዓመት በቁጥር አልይዝም። ቀዩ በሬ የሞተ ዓመት፣ ባሌ የተቀበረ ዓመት፣ መብራት የገባ ዓመት እያልኩ ነው። "ከእህቴ ከተኳረፍን የአባትሽን እድሜ ያህላል። ስንት ነው?" አልኳት።

"ሠላሳ አራት።" ከዛ ጣቷን አጠፈች። "ሦስት ዲኬድ ከአራት ዓመት።"

ሦስት ጣቷን አየሁት። ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ ፋሲካ፣ የልጆቼ ሠርግ፣ ባሌን የቀበርኩበት ቀን፣ እህቴ አጠገቤ ሳትቆም ያለፈው ሁሉ ሦስት ጣት ላይ አለቀ። ረጅም ሲሆንብኝ የኖረው ዘመን እንዲህ አጭር መሆኑ ነው ያስደነገጠኝ።

ቃሉን እንዳልረሳው ከልጅቷ ጋር እደጋግም ጀመር። ከኋላ የተቀመጠ መምህር ነገር "እማማ፣ እርስዎም ፈተና አለብዎት እንዴ?" አለኝ።

"አለብኝ ልጄ። አዲስ ዓለም ነው የምፈተነው።"

ጊንጪ

መኪናው ሲቆም ሴቶች የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይዘው ሮጡ። ሐዊ በሃያ ብር ገዛች። እኔ አልቀመስኩም።

"እውነቱን ንገሪኝ። ሞታለች አይደል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ!"

"ማይልኝ።"

"እናቴ ትሙት!" ብላ አለቀሰች። ድንቹ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ልጅ ማስማሌ አሁንም ያሳፍረኛል፤ ግን ጻፊው ብያታለሁ።

አዲስ ዓለም

ከመኪና ወርደን ማርያምን ከሩቅ ተሳለምኩ። እትዬ የምትኖርበትን የእናቴን ቤት መንገድ ግን አጣሁት። የተወለድኩበትን ቤት ባለሱቅ ጠይቄ ሄድኩ! መታጠፊያው ጋ ስደርስ ድንኳን ፈለግኩ፤ የለም። እንግዲያው ቀብረው ጨርሰዋል፣ እንደ ያኔው፣ አልኩ።

ግርማ በሩ ላይ ተቀበለን። "እንኳን ደህና መጡ፣ ውሃ ልስጥዎት?"

"ውሃ አልፈልግም። መቼ ቀበራችኋት?"

"ማንን?"

ከውስጥ ሳል ሰማሁ። ከዛ ድምፅ። "ታዱ ናት? ገና ነኝ በሏት።"

መሐላዬን ረግጬው ገባሁ።

አልጋ ላይ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። ላቅፋት ስጎነበስ ፌስታሉ ተገለበጠ፣ ብርቱካኑ ተንከባለለ፣ ጥቁሩ ቀሚስ ወጣ። አየችው። እኔ የምገባበት አጣሁ።

"ለኔ ነው?" አለች። "እዚሁ ተዪው። ደግሞ ይዘሽው ከምትመላለሺ።"

ሳቀች፣ ሳሉ አቋረጣት። እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦ "አሮጊቶቹን ጠየቅኩ። አራስ መርዶ ከሰማች ወተቷ ይደርቃል አሉኝ። ልጁ ይጥባ ብዬ ነው ያልላክሁብሽ። አርባው ሲያልፍ ልመጣ ስነሳ መሐላሽ ቀድሞኝ መጣ።"

ይሄን ልማድ እኔም አውቀዋለሁ። የጎረቤት አራስን እኔው ራሴ ደብቄያት አውቃለሁ። በራሴ ሲሆን ነው የጠፋኝ።

"ልጁስ?" አለች።

"አደገ። ይቺ የሱ ናት።" ሐዊ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች።

"ሦስት ዲኬድ ከአራት ዓመት ሆነን፣ እትዬ" አልኳት።

"ምንድነው ደግሞ እሱ?"

"አስር ዓመት ባንድ ቃል። እንግሊዝኛ ነው።"

"ምን አስቸኮላቸው?" አለች። "እኔ አንድ ባንድ ነው የቆጠርኩት። በየዓመቱ እናታችንን ስዘክር ያንቺን ዳቦ ለብቻ አስቀምጣለሁ። ሲመሽ ለድሃ እሰጠዋለሁ።"

ሦስት ቀን አጠገቧ ተኛሁ፣ አጠብኳት፣ ጸጉሯን ሠራኋት። ስመለስ ቀሚሱን ይዤ ተመለስኩ፤ አልተውም አልኳት። በሳምንቱ ደግሞ ወደሷ እሄዳለሁ።

ጉደር

የተማርሽውን ንገሪ ትለኛለች ሐዊ። ቃሉን ተምሬያለሁ፤ የተማርኩት ግን ዘግይቼ ነው። ሞተች ብዬ የሄድኩበትን መንገድ ደህና ሳለች መሄድ እችል ነበር፤ መኪናው ያው፣ መንገዱ ያው።

ብቅሉ ደርቆ፣ ተለቅሞ ጠበቀኝ። አዴ ጫልቱ በድስት ንፍሮ ይዛ መጣች። እሷም "ትንሽ አሟታል" የሚለውን ሰምታ፣ ለቅሶ ደርሳ የምትመለስ ናት ብላ ቀቅላልኛለች። እህቴ በሕይወት አለች ስላት ድስቱን መሬት አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ዳቦውንም፣ ሦስቱን ጣትም።

"ታደለች" አለችኝ በስሜ ጠርታ፣ "ወደ ባኮ የሚሄደው የመጀመሪያው መኪና እዚህ በስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?"