ትራንስፎርመሩ ሱቅ ድረስ ተከተለኝ

ይሄ ነገር የገጠመኝ አምና ጥር ላይ ነው። ለጓደኞቼ ሳወራው አብረን እንስቃለን። ብቻዬን ስሆን ግን ይከነክነኛል፤ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ሥራዬ ኮምባይነር መንዳት ነው። ከሁሩታ እስከ ዲክሲስ ያለውን ስንዴ ሃያ ሁለት ዓመት አጭጃለሁ። ሆዴ ከመሪው ጋር መጋፋት ከጀመረ ቆይቷል፤ ጸጉሬም ከስንዴው ቀድሞ ታጭዷል። በጆሮዬ ግን እኮራ ነበር። ኮምባይነር በዓይን ብቻ አይነዳማ። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲላላ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሊበላ ሲል፣ አስቀድሞ በድምፅ ይናገራል። ያንን ያልሰማ ኦፕሬተር ማሽን ያቃጥላል፤ በዓመቱ የሚጠራው የለም።

አጨዳው አልቆ አሰላ ቤቴ እንደገባሁ አንድ ድምፅ ሰላም ነሳኝ። ሲይይይ የሚል፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ። ደጃችን ምሰሶ ላይ የመብራት ትራንስፎርመር አለ፤ ከሱ ነው አልኩ። አልጋውን ወደ ጓሮ በኩል አዞርኩት። መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፈንኩት። ብቀመጥም ብነሳም ያው ነው።

ባለቤቴን ሰናይትን «አይሰማሽም?» ስላት «ምን?» ትለኛለች።

«ለምደሽው ነው» እላታለሁ።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። እሱ ግን አልጠፋም። ሰናይት «ይኸው፣ መብራት እኮ የለም!» ስትለኝ «ውስጡ የተረፈ ይኖራላ» አልኳት። የኔ እውቀት እዚህ ድረስ ነው።

በዚያው ሰሞን ለጉዳይ አዳማ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ትልቅ ሄድፎን ጆሮው ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ሕፃን ያለቅሳል፣ ሹፌሩ ክላክስ ያንጫርራል፣ እሱ እንቅልፉን ይለጥጣል። ሲነቃ ጠየቅኩት።

«ገመድ የለውም፣ የውጭ ድምፅ ያጠፋል» አለኝ።

ቀናሁ። ለትራንስፎርመሬ መድኃኒት ተገኘ አልኩ።

በማግስቱ አሰላ ተመልሼ ገበያው አጠገብ ካለች የሞባይል ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ባለሱቋ ሀያት ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቆፍጠን ያለች። ሦስት ዓይነት አወጣችልኝ። አንዱ ጆሮ ሙሉ የሚሸፍን፣ አንዱ ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ፣ ሦስተኛው ካሉት ሁሉ ውዱ።

«ሱቅ ውስጥ አይታወቅም ጋሼ፤ ይምጡ፣ እዚህ ይሞክሩት» ብላ ጎኗ ካለው ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ አቆመችኝ። እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ወረፋ ይዘዋል።

የመጀመሪያውን ደፋሁት። ወፍጮው ጠፋ! ፊት ለፊቴ ይሽከረከራል፣ ድምፁ የለም። ባጃጅ በጎኔ ሲያልፍ እንደ ጥላ ነው። ልደሰት ስል፣ ሲይይይ። እንዲያውም ከቤት ይልቅ ጎልቶ።

«ይሄ ይጮሃል» አልኳት። ሁለተኛውን ሰጠችኝ። ያው። ሦስተኛውን አደረግኩ። ውድ ስለሆነ መሰለኝ፣ እሱማ ጥርት አድርጎ ነው የሚጮኸው።

ሳላወልቀው «ሁሉም ይጮሃል! ብልሽት ነው እንዴ የምትሸጪው?» አልኳት። እኔ በቀስታ የተናገርኩ መስሎኛል። ወረፋው ሁሉ ወደኔ ሲዞር ነው የጮኸው ማን እንደሆነ የገባኝ።

«ወላሂ አዲስ ነው! አሁን አይደል እያዩኝ ከካርቶን ያወጣሁት?» አለችና ራሷ አደረገችው። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። «ምንም የለም።»

ዱቄት የለበሰውን ወፍጮ ፈጪ ጠራችው። አደረገውና ራሱን ነቀነቀ። «ሂን ጂሩ፣ ምንም የለም።»

ከወረፋው አንዲት ሴትዮ የእህል ማዳበሪያቸውን ትተው መጥተው ሞከሩት። «ውይ! እንዴት ጸጥ ይላል!» አሉ። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እኚህን ሰውዬ ጠበል ውሰዷቸው» አሉ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሀያት አልሳቀችም። ወደ ሱቋ መልሳ ከኋላ ወዳለችው ዕቃ ማስቀመጫ አስገባችኝና በሩን ዘጋችው። ጆሮዬ ላይ ምንም የለም።

«አሁንስ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል።»

«ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድነው?»

«ኮምባይነር።»

ተነፈሰች። «ይሄ ወፍጮ የአባቴ ነው። ዕድሜ ልኩን ፈጭቶበታል። እሱም ጣሪያው ውስጥ ንብ ገብቷል ብሎ ሁለቴ ቆርቆሮ አስነቅሎናል። ንብ የለም። ድምፁ ከጆሮዎ ነው።»

«አባትሽ አሁን ይሰማሉ?»

«ስንጮህለት።»

ሂሳብ ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ብሰድ ሄድፎኑን ወደ ካርቶኑ መለሰችው። «ይሄን አልሸጥልዎትም። መጀመሪያ ጆሮ ሐኪም ጋ ይሂዱ።»

እዚያው ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ። ትዝ ያለኝ ዲክሲስ ነው። በዚያ አጨዳ አንድ ኩሽኔታ ተቃጥሎብኝ፣ ጭሱን አይተው ያስቆሙኝ ገበሬዎች ናቸው። የማሽኑ ባለቤት «እንዴት አልሰማህም?» ሲለኝ «ድምፅ ሳያሰማ ነው የተበላው» ብዬ ማልኩ። ለካ ሲጮህ ነው የከረመው።

ሐኪሙም ያንኑ ነገረኝ። የማሽን ጩኸት ቀጫጭኑን ድምፅ ከጆሮዬ ወስዶታል፤ ጆሮዬ በምትኩ የራሱን ያዜማል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ጠብቅ አለኝ። ብረት ቆራጮች የሚያደርጉትን ጆሮ መሸፈኛ ገዛሁ።

ዘንድሮ ስሠራ በየሰዓቱ ማሽኑን አቁሜ እወርዳለሁ። ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ በመዳፌ እነካካለሁ፤ የሚበላው አስቀድሞ ይሞቃል። ገበሬዎቹ «ኦቦ ተሾመ፣ ማሽን ነው ወይስ በሬ የምትዳብሰው?» ይሉኛል። «ትኩሳት እየለካሁለት ነው» እላቸዋለሁ። እስካሁን አንድም አልተቃጠለብኝም።

ድምፁ አሁንም አለ፤ ይሄን ስጽፍም ሲይይይ ይላል። ትራንስፎርመሩን በሆዴ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሀያትንም በሱቋ ባለፍኩ ቁጥር ባርኔጣዬን አውልቄ ሰላም እላታለሁ።

ለማሽኑ ባለቤት ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ። ሰውዬው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ አያልፈውም። እንግዲህ ይሄን ካነበብከው፣ ያ የዲክሲሱ ኩሽኔታ ጥፋቱ የኔ ነበር። ልታባርረኝም ልታኖረኝም ደውልልኝ። ብቻ ስታወራ ጮክ በል።