ማናሴ ለእህቱ ልጅ እምቢ ያለ ዕለት

ማናሴ ዘጠኝ ዓመት ለቶንጋ ብሔራዊ ቡድን ራግቢ ተጫውቷል። ሰዉ የሚያወራው ሦስት ተጋጣሚዎች ላዩ ላይ እንደተንጠለጠሉ መሮጡን ነው። እሱ ግን የሚያስታውሰው እያነሰ ሄዷል፤ ጭንቅላቱ ብዙ ተመትቷል። ወደ ትውልድ ደሴቱ ወደ ፎአ ተመልሶ የመንደሩን ቡድን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሲመራ ቃል ይጠፋውና ዓይኑን እንደጨፈነ ይቆማል። ምእመኑም ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው!

ለዋንጫው የፍጻሜ ጨዋታ አንድ ሳምንት ሲቀር የእህቱ ልጅ ኢኖኬ በልምምድ ላይ ከጓደኛው ጋር በግንባሩ ተላተመና ወደቀ። ሲነሣ ኳሷን ይዞ ወደ ራሱ ቡድን መስመር ሮጠ። የመንደሩ ነርስ ሦስት ሳምንት ዕረፍት አዘዘችለት።

በማግስቱ ግን «አጎቴ፣ ቅዳሜ እገባለሁ» አለ።

በደሴቱ የእህት ልጅ ከእናቱ ወንድም የፈለገውን ይወስዳል፤ እምቢ አይባልም። ኢኖኬም የማናሴን ፈረስና ሁለት አሳማዎች ሳይጠይቅ ወስዷል።

«አሠልጣኝ፣ ጥርስህን ደብቅ! የቀረህ እሱ ነው» ብለው ተጫዋቾቹ ሳቁ።

ማናሴ ከልማድ የተነሣ ኢኖኬን «እሺ» አለው። ካለ በኋላ ደነገጠ።

ወደ ታላቅ እህቱ ወደ ሎሎሄአ ሄደ። ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ አንድ ጣሪያ ሥር ስለማይቀመጡ፣ ከግድግዳው ውጭ መሬት ላይ ተቀመጠ። እሷ ውስጥ የደረቀ ቅጠል እያንኮሻኮሸች ምንጣፍ ትሠራለች።

«እትዬ፣ ልጅዎን ከጨዋታው ላስቀረው፤ ይፍቀዱልኝ።»

«ሰውስ ምን ይላል?»

«ትናንት የአባታችን ስም ጠፋኝ። ቀኑን ሙሉ ስፈልገው ዋልኩ።»

የምንጣፉ ድምፅ ቆመ። ሎሎሄአ ሥራዋን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

«እኔ ብከለክለው ነገ ደጅህ መጥቶ ይለምንሃል፤ አንተም እሺ ትላለህ። በራስህ አፍ እምቢ በለው። እኔ አልቀየምህም።»

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ማናሴ በቡድኑ ፊት ቆመ።

«ኢኖኬ፣ ቅዳሜ አትገባም።»

«እኔን ነው?»

«አንተን። እምቢ ብያለሁ።»

ማንም አልሳቀም። እንዲህ ያለ ቃል ከአጎት አፍ ሲወጣ ሰምተው አያውቁም።

ቅዳሜ በሁለት ነጥብ ተሸነፉ። አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ማዶ «ዋንጫ እንደሆነ የለንም፤ እምቢታህን መደርደሪያ ላይ አስቀምጥልን!» ብለው ጮኹበት። ማናሴ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

ኢኖኬ በአጠገቡ ሲያልፍ ፊቱን አዞረበት። አጎቱ የበደለውን ሁሉ፣ ሰዓቱንና የተባባሉትን ሳይቀር፣ በቅደም ተከተል ለጓደኞቹ እየቆጠረ ነበር። ማናሴ ከኋላው ቆሞ አዳመጠው። ልጁ አንዲት ነገር እንኳ አልረሳም።