ተራ ቁጥር ዘጠኝ

ለሽኝት ግብዣዋ የሚነበብ የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ወይ ጉድ! በዚህ ሁሉ ሆስፒታል ብዕር የጨበጠ ሰው የጠፋ ይመስል፣ «ዘመዷም ነህ፣ አብረሃትም ሠርተሃል፣ ከአንተ በላይ ማን ያውቃታል?» አሉኝ። እሺ፣ እጽፋለሁ። ማሞካሸት ብቻ ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ። ይቺን ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ ቀንቼባታለሁ፤ ታሪኳን ከቅናቴ ለይቼ መናገር አልችልበትም።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆማ ስምንት ዓመት ለበሽተኛ ካርድ ስታወጣ ኖራለች። ጠርዙ የተላላጠ ደብተር ከብብቷ ስለማይጠፋ «እሜቴ ደብተር» ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ሠራተኛው በሙሉ ተቀበለኝ። እሷ እንኳን ልትቆጣ፣ ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ደብተር ነኝ» ማለት ጀመረች። ሲሰድቡት የማይናደድ ሰው ደግሞ አልወድም።

እኔ የኮምፒውተር ክፍሉ ሰው ነኝ። ካርዶቹ የሚመዘገቡበትን የድሮውን ፕሮግራም ብቻዬን ጽፌ አሥራ ስድስት ዓመት ብቻዬን አስታምሜዋለሁ። እሷ ማለት ለእኔ፣ «ጋሼ፣ ስክሪኑ ጠቆረብኝ» ብላ ስትደውል ደረጃ ወርጄ ሶኬት የምሰካላት ልጅ ነበረች። ሶኬት ነው ያልኳችሁ፣ ልብ በሉልኝ!

አንድ ቀን እኛ ቤት ሻይ ስንጠጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት መጀመሯን ነገረችን። የኮምፒውተር ፕሮጀክት እንዴት እንደሚመራ ነው የምትማረው። ሻዩ ትን አለኝ።

«አንቺ? ሶኬት መሰካት ያቃተሽ ሲስተም ልትመሪ?»

«ሶኬቱን የሚሰካውን ሰው በሰዓቱ መጥራት ነው ሥራው አሉን፣ ጋሼ» አለች። ሚስቴ እስክታነባ ሳቀች። የሳቀችው በእኔ ነው።

የመጀመሪያ የቤት ሥራዋ፣ ትንሽ ነገር መርጦ ከዳር ማድረስ ነበር። ምን ብትመርጥ ጥሩ ነው? የእኔን ሳሎን ቀለም ማስቀባት! «ዘንድሮማ እቀባዋለሁ» ስል ሦስት ዓመት የሆነውን ሳሎን። እኛ ጋ የምትኖረውን አማቴን የቀለሙን ዓይነት ጠየቀቻት፤ ሚስቴን እቃው የት ይቀመጥ አለቻት፤ ደብተሯ ላይ በማስመሪያ አስምራ ሥራውን፣ የሚሠራውን ሰው፣ የሚያልቅበትን ቀን ጻፈች። ለእኔ የደረሰኝ ሐሙስ ቀለም መግዛት ነበር። ረሳሁት። እሺ፣ አልረሳሁትም፤ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት «ውይ፣ ቀለሙን እኮ…» ብዬ ሳልጨርስ ከበሩ ኋላ ሁለት ባልዲ ቀለም አወጣች። ደብተሯን ነጥቄ ሳነብ፣ «ሊያሰጉ የሚችሉ ነገሮች» በሚለው ሥር እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ ቀለሙን ላይገዛ ይችላል። ኃላፊ፦ እኔ። መደረግ ያለበት፦ ረቡዕ መግዛት።»

«ረቡዕ! ገና ሐሙስ ሳይደርስ፣ ሳላጠፋ ነው የተፈረደብኝ!» ብዬ ጮህኩ።

አማቴ ከወንበሯ ቀና አለችና «ታዲያ ገዝተሃል እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ሳሎኑ እሑድ ማታ አለቀ። ያምራል፤ ምን ያደርጋል፣ ያምራል።

ትምህርቷን በጨረሰች በወሩ ሆስፒታሉ የድሮውን ፕሮግራሜን በአዲስ ሲስተም ሊተካ ወሰነ። ለፕሮጀክቱ ማኔጀር ይፈለጋል ተባለ። ያ ቦታ የእኔ ነበር፤ ማንም የሚጠራጠር አልመሰለኝም። ጠያቂዎቹ ፊት ገብቼ፣ «ሁሉንም አውቀዋለሁ፣ ሌላ ሰው አያስፈልጋችሁም» አልኳቸው። እሷ ደግሞ፣ «እኔ የማላውቀው ይበዛል፤ የሚያውቁትን ሰዎች ግን አውቃቸዋለሁ» ብላለች። ማስታወቂያው ሲለጠፍ የእሷ ስም ነበር ያለው።

አንጀቴ አረረ። ያገኘኝ ሁሉ እጄን እየጨበጠ «እንኳን ደስ አለህ፣ ያው የቤተሰብ ነው!» ይለኛል። ጥርሴን ነክሼ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» እላለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ እሷ ነው። ዛሬ ምን ለበሰች፣ ዳይሬክተሩ ምን አሏት። አንድ ቀን «ለመሆኑ ከዚች ልጅ ሌላ ሰው አልተወለደም?» ብዬ ብናገር፣ ሚስቴ እህቷን ጠቀስ አድርጋ «ምቀኛ አታሳጣኝ በይ እቴ» አለቻት። ተሳሳቁ። እኔ ተነስቼ የማይንጠባጠበውን ቧንቧ ላጠብቅ ወጣሁ።

ሥራው ተጀመረ። እሜቴ ደብተር በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮዬ በር ላይ ትቆማለች። አትገባም፤ ደብተሯን ይዛ ትቆምና አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦

«ጋሼ፣ ሳልጠይቅህ የቀረሁት ነገር አለ?»

«የለም።»

«እሺ፣ መልካም ቀን።»

ነገር ግን ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ፕሮግራሙን ስጽፍ የካርድ ቁጥሩን ባለ አምስት አሃዝ አደረግኩት። መቶ ሺህኛው በሽተኛ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ከሰባት ዓመት በፊት መጣ። አለቃ ፊት ሄጄ «ተሳስቻለሁ» ከማለት፣ ቁጥሩን እንደገና ከአንድ አስጀመርኩትና ከአዲሶቹ ቁጥሮች ፊት አንድ ባዶ ቦታ አስገባሁ። ሰው አያየውም፤ ኮምፒውተሩ ግን ያየዋል። ለካርድ ክፍል ልጆች፣ የድሮው ማህደር ሰማያዊ፣ የአዲሱ ቢጫ ይሁን፤ ለቢጫው ይቺን ቁልፍ ተጫኑ አልኳቸው። ቁልፏ ያቺን ባዶ ቦታ ነው የምትጨምረው። እነሱ ኮምፒውተሩ ቀለም የሚያውቅ ይመስላቸው ነበር።

አዲሱ ሲስተም ደግሞ ቁጥር ሲቀበል ባዶ ቦታ ጠራርጎ ይጥላል። ያ ማለት ሃያ ሺህ ቢጫ ካርዶች ሃያ ሺህ ሰማያዊ ካርዶች ላይ ይወድቃሉ። ሁለት ሰው አንድ ካርድ፤ የአንዱ በሽታ ለሌላው፣ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው።

ይህን አውቄ ዝም አልኩ። በየማክሰኞው ስብሰባ ላይ «የሚያሰጋን ነገር አለ?» ብላ በየተራ ስትጠይቀን፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ጣሪያ አያለሁ። ሐሳቤ ምን መሰላችሁ፤ ካርዶቹ ወደ አዲሱ በሚዛወሩበት ቀን፣ ዳይሬክተሩ ባሉበት፣ ተነስቼ «አቁሙ!» ልል ነው። እሷ ታፍራለች፣ እኔ አድናለሁ፣ ቦታው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለማስቆመው ማንም አይጎዳም ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ ካርዶች ሙከራ ተደረገ፤ ሁሉም ሰማያዊ ስለነበሩ ያለ እንከን አለፈ። ሰው ሁሉ አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ፤ እንዲያውም ከሁሉም በላይ።

የማዛወሪያው ቀን ቅዳሜ ነበር። ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ዳይሬክተሩ፣ ሲስተሙን የሚያቀርበው ድርጅት ሁለት ባለሙያዎች፣ የካርድ ክፍል ልጆች፣ ሁላችንም ግድግዳው ላይ የሚታየውን ስክሪን እያየን ተቀምጠናል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሲሆን «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እሷ ደብተሯ ላይ ምልክት ስታደርግ ተነሳሁ።

«አንድ ጊዜ! ክቡር ዳይሬክተር፣ ይህ ሥራ አሁኑኑ መቆም አለበት!»

ያዘጋጀሁትን ወረቀት አወጣሁ። አምስቱን አሃዝ፣ ባዶውን ቦታ፣ ሃያ ሺውን ሰው ተነተንኩላቸው። ድምፄ አማረልኝ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ለማሳያ ብዬ ከአንዷ ልጅ እጅ አንድ ቢጫ ማህደር ተቀብዬ ቁጥሩን ራሴ መታሁት።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰዎች ወጡ። አንድ ሽማግሌ፣ ሰማያዊ። አንዲት ተማሪ፣ ቢጫ፤ ከቁጥሯ ፊት «ቢ» የምትል ፊደል ተጨምራላታለች። ሁለቱም ጥርት ብለው፣ ለየብቻቸው።

ሌላ ሞከርኩ። ያው ነው። ሦስተኛ ሞከርኩ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚሉት ለካ ለእኔ ኖሯል።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ረጋ ብለው ጠየቁኝ፦ «ይሄን ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

ምን ብዬ ልመልስ? ዛሬ ነው ያወቅሁት እንዳልል ወረቀቱ በኮምፒውተር ተጽፎ በእጄ አለ። ቀድሞ ነው ካልኩ ደግሞ… አሥራ ስድስት ዓመቴ ዓይኔ እያየ ከእጄ ሲሄድ ታየኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

«ከወር በፊት ነው የነገረኝ» አለች እሜቴ ደብተር። ቀና እንኳ አላለችም፤ ደብተሯን እያገላበጠች ነው። «በእሱ ጥቆማ ነው ያስተካከልነው። ዛሬ ደግሞ ሁላችሁም ባላችሁበት ፈትሽልን ያልኩት እኔ ነኝ። አመሰግናለሁ ጋሼ።»

ተጨበጨበልኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ የመረረኝ ጭብጨባ የለም።

ኮሪደሩ ላይ ተከትያት ወጣሁ። «ለምን ዋሸሽልኝ?»

«አንተን ቢያባርሩህ የድሮውን ፕሮግራም ማን ያስረዳኛል?» አለችና ልትሄድ ስትል ያዝኳት።

«እንዴት አገኛችሁት?»

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥታ ያየኋት። ድምጿን ግን አላነሳችም።

«የአንድ ሺው ሙከራ ካለፈ በኋላ እኔና ልጆቹ ቢጫውን ለብቻው ሞከርን። መጀመሪያ የከፈትኩት የእማዬን ካርድ ነው፤ ቁጥሯን በቃሌ ስለማውቀው። እማዬ የከባድ መኪና ሹፌር ሆና ወጣች። ‹ፔኒሲሊን ይወጋ› ይላል። እማዬ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ታውቃለህ አይደል?»

አውቃለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ወደ እኛ ቤት ስትገባ ካርዷን ራሴ ነኝ ያወጣሁላት። ቢጫ ማህደር በእጄ አንጠልጥዬ «አማቴ ናት፣ ቶሎ በሉልኝ» እያልኩ። ሃያ ሺህ ሰው እያልኩ ስንት ወር ስቆጥር፣ አንድ ቀን እንኳ የሷ ፊት ትዝ አላለኝም።

የዚያን ቀን ምሳ ላይ አማቴ ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር እንደ ልማዷ ለቀቀችልኝ። «ና ልጄ፣ ደክሞሃል ዛሬ» አለችኝ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ ሳልጠይቅህ የቀረሁት ነገር አለ?»

«አለ» አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እስከ ምሳ ድረስ አወራሁ፤ ጻፈች።

ታሪኳ ይህ ነው። አሁን ወደ ትልቅ ቦታ፣ ብዙ ሆስፒታሎችን በአንድ ሲስተም ወደሚያገናኝ ሥራ ተዛውራለች። በቦታዋ የተተካሁት እኔ ነኝ፤ የጠቆመችኝም እሷው ናት። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እንደ ልቧ ቦታ የምትሰጥ ሰው መሆኗ ራሱ አንገበገበኝ።

ትናንት ደብተሩን አስረከበችኝ። የስጋቶቹ ዝርዝር ሃያ ሦስት ተራ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጎን «ተዘግቷል» ብላ ጽፋለች፣ ከአንዱ በቀር። ተራ ቁጥር ዘጠኝ። የተጻፈበት ቀን ፕሮጀክቱ የተጀመረበት የመጀመሪያው ቀን ነው፦ «ጋሼ ቀንቷል። የሚያውቀውን ላይነግረኝ ይችላል። ኃላፊ፦ እኔ። መደረግ ያለበት፦ በየጠዋቱ መጠየቅ።» መጨረሻው ሳጥን ላይ፣ «ክፍት»።

«ይሄን ለምን አልዘጋሽውም?» አልኳት።

«እሱን የምታውቀው አንተ ነህ» አለችኝ። «ተዘግቷል ያልክ ቀን ዝጋው።»

ማታ ሳሎን፣ እሷ ባስቀባችው ሳሎን ተቀምጬ ብዕር አነሳሁ። «ተዘ» ብዬ ልጀምር ስል ሚስቴ ስልኳን ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ሰማህ? እህቴ በአዲሱ ቦታዋ የራሷ ቢሮና ሁለት ረዳት ተሰጣት!»

«እሰይ» አልኩ። ብዕሩን ከደንኩና ተራ ቁጥር ዘጠኝን ክፍት ተውኩት።