የዘነበች ልጅ ክርስትና እናት

ሰርካዲስ ጾም የማትገድፍ፣ ቅዳሴ የማታስታጉል ሴት ነበረች። ቀበሌው ሆን ብሎ እሑድ ጠዋት ስብሰባ በሚጠራበት በዚያ በደርግ ዘመን፣ ነጠላዋን ዘንቢል ውስጥ ደብቃ በጓሮ በጓሮ እየሾለከች ትሳለም ነበር። ካድሬ ያልፈራችው ሰርካዲስ ግን አንዲት ጎረቤቷን መቻል አቃታት።

ጎረቤቷ የኔነሽ ናት። ቤተ ክርስቲያን ብቅ የምትለው ሲሆንላት ነው። ታዲያ የታመመም የወለደም "የኔነሽን ጥሩልኝ" ነው የሚለው። ይህን በሰማች ቁጥር የሰርካዲስ አንጀት እርር ይላል።

"ስግደቱ የእኔ፣ ምርቃቱ የእሷ!" ትላለች ለባሏ ለተሰማ።

"ምን ቸገረሽ፣ መንግሥተ ሰማያት ለሁለታችሁም ትበቃለች" ይላታል።

"እዚያም ጎረቤት ልታደርገኝ ነው?"

ነገሩ የከረረው ከሁለቱ ጋር በአንድ ግቢ የምትኖረው ዘነበች ሴት ልጅ የወለደች ጊዜ ነው። ሰርካዲስ መውለድ አልሆነላትም። የሕፃኗ ክርስትና እናት ለመሆን፣ "እማዬ" ብሎ የሚጠራት አንድ አፍ ለማግኘት፣ ያልተሳለችበት ታቦት የለም። ክርስትናው ከፍልሰታ በኋላ ሊሆን ተቆርጧል፤ ዘነበች ግን ከሰርካዲስና ከየኔነሽ ማንን እንደምትመርጥ አልተነፈሰችም።

በጾሙ መካከል ሰርካዲስ ዘይት ልትገዛ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ መጋላ ገበያ ገባች። በየኔነሽ ወዳጅ በሳሕራ በር ስታልፍ ዓይኗን ጣል ብታደርግ፣ የኔነሽ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ወተት ትጠጣለች። በፍልሰታ! ያውም የግመል!

ዘይቱም ተረሳ። ሰርካዲስ ደስታዋን ዋጥ ለማድረግ እየታገለች ዘነበች ቤት ከች አለች።

"ዘነቡ፣ በዓይኔ በብረቱ አየኋት! ጾሙን በግመል ወተት ገደፈችው! ልጅሽን ሃይማኖት የምታስተምራት እሷ ናት?"

ዘነበች ልጇን እያጠባች ነበር። "አውቃለሁ፣ እትዬ" አለች። "ትናንትም ጠጥታለች። የሳሕራ ልጅ ሊበን ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ መርዶው መጣ። እናቱ እህል ውሃ አልቀምስም ብላ ልትሞት ሆነ። 'አቦ የኔነሽ፣ ወላሂ ብቻዬን አይወርድልኝም' ስትላት ቀድማ ጠጣችላት። ለምዳው አታውቅ፣ ሲያስታውካት አደረ። ለነፍስ አባቷም ራሷ ተናግራ ስግደት ተሰጥቷታል።"

"ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው" አለች ሰርካዲስ።

"ነው እንጂ። እርስዎ ለልጄ እንደሚጾሙላት አጥቼው አይደለም፣ እትዬ። እኔ ግን ጾም የምትፈታላት እናት ነው የፈለግሁላት። አይቀየሙኝ።"

ሕፃኗ ጡቱን ለቃ ወደ ሰርካዲስ ፈገግ አለች። ሰርካዲስ እጇን ዘርግታ ልትቀበላት አልደፈረችም። ወጥታ ግቢው መሐል ቆመች። በየኔነሽ መቅናት ለእሷ አዲስ አልነበረም፤ በመወደዷ ቀንታለች፣ በመመረቋ ቀንታለች። ያን ቀን የቀናችው ግን በዚያ በአንድ ጣሳ ወተት ነበር። ለእሷ ቢሰጧት ኖሮ እንደማትጠጣው ታውቃለች።