የእናቴ ጉትቻ

የቆርቆሮ በር መቀርቀሪያ ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር ጅግጅጋ የነበረው ቤታችን ይመለስብኛል። የአንድ ቤት ጠብ ለሌላ ሰው ምን ይጠቅማል እያልኩ ብዙ ጊዜ ከመጻፍ ተቆጥቤ ነበር፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የባልና ሚስት ጠብ እንዴት እንደሚጠና መማር ስጀምር ግን ልሞክረው አልኩ።

በበጋ፣ ነፋሱ አቧራውን በየቤቱ እያስገባ፣ አባቴ ከመሥሪያ ቤት የሚመለስበት ሰዓት ሲቃረብ እናቴ ጆሮዋን በሩ ላይ ጥላ ትሠራ ነበር። መቀርቀሪያው ሲንኳኳ ጉትቻዎቿን አውልቃ፣ ከስኳሩ ጣሳ ጀርባ አስቀምጣ፣ ልትቀበለው ትወጣ ነበር። እኔም ያገቡ ሴቶች ሁሉ ባላቸው ሲመጣ ጉትቻ የሚያወልቁ ይመስለኝ ነበር።

በልግ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር፣ አንድ ቀን አባቴ የእናቴን አንገት አንቆ ከግድግዳው ጋር ሲያጣብቃት፣ እጇ ያገኘውን ጭልፋ አንስታ ግንባሩን መታችው። ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ደንቡ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ መትተሃታል ወይ፣ መትተሽዋል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሁለቱም አዎ አሉ። ጥፋቱ የጋራ ነው ተብሎ ይቅር ተባባሉና ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቦክሰኛዋን ተዋወቋት» እያለ ያስቅባት ነበር፤ እንግዳው ሲሄድ ደግሞ ይመታት ነበር።

ክረምት ላይ ጎረቤታችን ሃዋ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው፣ አባቴ በሌለበት መጥታ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠች። ማን ማንን እንደመታ አልጠየቀችም።

«አባዮ» አለቻት፣ በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው፤ «በሩ ሲንኳኳ ጉትቻሽን የምታወልቂው ለምንድን ነው?»

«አንዴ ጎትቶ ጆሮዬን ቀዶታል።»

«እሱስ አንቺ ስትመጪ የሚያወልቀው ነገር አለ?»

ሃዋ ያንኑ ጥያቄ ለሽማግሌዎቹ ወሰደችው፤ እነሱም ተመልሰው መጥተው አባቴን ሲጠይቁት፣ «እኔ ደግሞ ምን አወልቃለሁ?» አለ። በዚህ ጊዜ ታረቂ የሚላት አልነበረም። አዲስ ዓመት እንደገባ እናቴ እኔን ይዛ፣ ሃዋ በለመነችላት የጭነት መኪና ድሬዳዋ እህቷ ዘንድ ሄደች።

አሁን መምህራችን ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጦ መጠየቅ፣ ምቱን ብቻ ቆጥሮ ፍርሃቱን መተው እንደሚያሳስት ሲያስረዱን፣ እጄን ላወጣ እልና እተወዋለሁ። እናቴ ዛሬ ጉትቻዋን አድርጋ ትውላለች፤ በር ሲንኳኳ ግን እጇ አሁንም ወደ ጆሮዋ ይሄዳል። ከዚያ ቤት የወጣነው መስከረም 1979 ዓ.ም. ነበር።