ስምንት ዓመት ወደኋላ የቀረው ኮምፒውተር

ሥራዬ ኮምፒውተር መገልበጥ ነበር። ቀልዴን አይደለም። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ፣ ያረጀ ኮምፒውተር ዲስኩ ላይ ያለውን በሙሉ፣ ቆሻሻውም ሳይቀር፣ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል እገለብጣለሁ። ፋይሉን ኢሜጅ እንለዋለን። ኢሜጁን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት አሮጌው እዚያው በአንዲት መስኮት ውስጥ እንደ ድሮው ይነሣል። ቨርችዋል ማሽን የሚሉት ይኸው ነው። እናቴ በስልክ ሥራሽ ምንድን ነው ስትለኝ፣ «የሞተ ኮምፒውተር አስነሣለሁ» አልኳት። «በስመአብ! ምነው ሌላ ሥራ ጠፋ?» አለችኝ።

ጋሼና እትዬ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። በዲቪ ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረኝም፤ ሳሎናቸው ውስጥ ስምንት ወር አኖሩኝ። ጋሼ አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር፣ እዚህ የፓርኪንግ ሠራተኛ ነበሩ። እትዬ ደግሞ ጨዋታ አዋቂ። ዳቦ ሊገዙ ወጥተው የገጠማቸውን ሲያወሩ ሰው ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። ጡረታ ሲወጡ እትዬ እያወሩ ጋሼ በሁለት ጣት መተየብ ጀመሩ። የሚጽፉበት የአማርኛ ፕሮግራም የድሮ ነበር። ጽሑፉን ከራሱ በቀር የሚያነብለት የለም፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ቅንፍና ጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።

በፈረንጆቹ 2011 መጀመሪያ እትዬን ስትሮክ መታቸው። ተረፉ፣ ግን አንደበታቸው ተያዘ። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ፤ የሚወጣቸው «እም» ብቻ ነው። ጋሼ ከምሳ በኋላ ከኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጡና ያነቡላቸዋል። የራሳቸውን ወሬ ለራሳቸው! ከዚያ ኮምፒውተሩ በየደቂቃው እየጠፋ፣ እንደ ወፍጮ እየጮኸ አስቸገረ። ጋሼ ኮል አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ንግግሯ የቀረው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው» አሉኝ። «ይኼም ከሄደ ምን ልሆን ነው?»

ዲስኩን ነቅዬ ቢሮ ወሰድኩና ገለበጥኩት። አሮጌውን እንዲተካ ልጃቸው የገዛችላቸው ላፕቶፕ ማክ ነው፤ የእኔ ኢሜጅ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ እንዲከፈት የተሠራ። ፎርማቱን ቀየርኩ፣ እንቢ አለ፤ ደግሜ ቀየርኩ። ቅዳሜ በቤልትዌይ፣ በቀለበት መንገዱ፣ በርሬ ሄጄ ላፕቶፑ ላይ ከፈትኩት። የጋሼ ኮምፒውተር ከነድሮው የስክሪን ሥዕሉ ብቅ አለ።

«አዩት ጋሼ?» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

የአማርኛውን ፕሮግራም ስጫነው ግን፣ የአገልግሎት ጊዜው አብቅቷል ብሎኝ ተዘጋ። ደግሜ ብጫነውም ያው። የሸጠላቸው ሱቅ ከተዘጋ ዘመን ሆኖታል፤ ማንን ልጠይቅ? አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ባለፈው ሳምንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም! እኔ ደግሞ ስናደድ አፌ አያርፍም፤ ላፕቶፑንም፣ ፕሮግራሙንም፣ ያስተማረኝንም ረገምኩ። ቀና ስል እትዬ ከሶፋው ላይ ያዩኛል። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «ቀኑን ማን ነካው?»

«የቱን ቀን?»

«ይኼ 2011 ይላል። የእኔ 2003 ነው።»

ክው አልኩ። ለካ ጋሼ ኮምፒውተሩን ከገዙ ጀምሮ ቀኑን የሚሞሉት በእኛ አቆጣጠር ነው። «ታዲያ የሰው ቀን ልጻፍበት?» አሉኝ። ወር በገባ ቁጥር በእጃቸው ያስተካክሉታል። ጳጉሜንስ ብላቸው፣ «ጳጉሜን አላበራውም። አሥራ ሦስተኛ ወር የለውማ፣ ምን ላድርገው?» አሉ።

ስለዚህ በጋሼ ቤት የፕሮግራሙ ጊዜ ገና አላለቀም ነበር። እኔ ያስነሣሁት ግን ቀንና ሰዓቱን የሚወስደው ከላፕቶፑ ነው፤ ስምንት ዓመት አሻግሬው ቁጭ። ጉድ እኮ ነው! አዋቂዋ ነኝ ብዬ የሰው ቤት ገብቼ ዘመን ለወጥኩ።

ሰዓት ከላፕቶፑ እንዳይወስድ ዘጋሁበት። ቀኑን ጋሼ ራሳቸው በሁለት ጣት ሞሉት። ፕሮግራሙ ሲከፈት «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ፤ እትዬ በደህናው የፊታቸው ወገን ሳቁ።

ጋሼ ጊዜ አላጠፉም፤ የሠርጋቸውን ወሬ አወጡና ማንበብ ጀመሩ። በቅሎዋ ድንኳኑን እንደጣለች፣ የጠጁ ኃላፊ ማንም ሳይቀምስ ቀድሞ እንደሰከረ። በሳቅ ፈረስን። ድንገት እትዬ የሶፋውን ክንድ ጠበቅ አድርገው መቱት። ጋሼ አቆሙ። እንደገና መቱት።

«እሺ፣ ዘለልኩ» አሉ ጋሼ፣ አንገታቸውን ደፍተው። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ስላለሽ አፍሬ ነው» አሉኝ።

እትዬ ለሦስተኛ ጊዜ እጃቸውን አነሡ። ጋሼ ቶሎ ብለው ወደ ላይ ተመለሱና በሚስታቸው ቃል እንዲህ ብለው አነበቡ፦

«ሙሽራው በሰው ፊት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሚዜዎቹ ምን ሆንክ ቢሉት፣ ‹ወሬዋን ዕድሜ ልኬን ልሰማ ነው› አለ።»

«እም» አሉ እትዬ፣ እጃቸውንም አወረዱ።