ፍሬ ማሳሳትና የእትዬ ደብሪቱ ስለት

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ጠዋት ከጸሎት ተነስቼ ነጠላዬን ሳጥፍ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የውጭ አገር ነው። የማላውቀው የጎልማሳ ድምፅ፣ “የአፕሏ እትዬ ምሕረት ነዎት?” አለኝ።

“ነኝ፤ ማን ልበል?”

“ይመር ነኝ፣ የደብሪቱ ልጅ። እናቴ ቁጥርዎን አስጽፋኝ ነበር። ስልኳ አይነሳም። ሞታለች ያለኝ ሰው አለ። እውነት ነው?”

እኔ የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ልጄ ዘንድ ነው። ደሴን ከለቀቅኩ ወራት አልፈዋል፤ ምንም አልሰማሁም። “ጠይቄ ልንገርህ፣ ትንሽ ቆይተህ ደውል” ብዬ ዘጋሁና አብራኝ ለሠራችው ለዘምዘም ደወልኩ። ገና ስሟን ስጠራባት ለቅሶ ጀመረች። እትዬ ደብሪቱ ሐምሌ ላይ በሳንባ ምች ሞተው ተቀብረዋል። “መርዶ በስልክ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?” አለችኝ። እኔ ግን ለልጁ በስልክ መንገር ነበረብኝ።

ነገርኩት። እሱም፣ “የደጃፏን ዛፍ ፍሬ ዘንድሮ ማን ለቀመው?” አለኝ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ጥያቄ ነው፤ ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ስለማይገባ ግን ከመጀመሪያው ልነሳ።

ደሴ ዙሪያ ካለው የፍራፍሬ ችግኝ ጣቢያ የገባሁ ዕለት ኃላፊው ጋሽ ሰይድ የመግረዣ መቀስ ሰጡኝ። ልቆርጥ ስዘጋጅ፣ “እሱን ኪስሽ ክተቺው። ዛሬ የምትሠሪው በጣትሽ ነው” አሉኝ። ወሩ መጋቢት ነው፤ የአፕሉ ፍሬ ብይ አክሏል።

አፕል ከአንድ እንቡጥ አምስትም ስድስትም ፍሬ በዘለላ ያወጣል። ሁሉም ይቅር ከተባለ ሁሉም ይኮሰምናል። ጋሽ ሰይድ አሠራሩን አሳዩኝ። ከዘለላው ደህናውን፣ አብዛኛውን ጊዜ የመሃሉን፣ ትተሽ ሌላውን በሁለት ጣት ይዘሽ ጠምዘዝ ታደርጊዋለሽ። ከጎተትሽው የከርሞውን እንቡጥ ይዞ ይመጣል። ከፍሬ እስከ ፍሬ ስንዝር ይራቅ። ፍሬ ማሳሳት የምንለው ይኸው ነው።

“ያልሳሳ ዛፍ ዘንድሮ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ከርሞ ይተኛል” አሉኝ። “ወላሂ፣ ይቺን ብቻ ለገበሬው ካስረዳሽልኝ ደሞዝሽ ሐላል ነው።”

ጭንቁ ማስረዳቱ ነበር። ለጋ ፍሬ መሬት ላይ ሲረግፍ አይቶ ዝም የሚል ገበሬ የለም። አንድ ቀን ከማሳ ስንወጣ አንድ ሽማግሌ፣ “ሰላቢዋ መጣች፣ ጎተራችሁን ክደኑ!” ብለው መንደሩን አሳቁብኝ።

እትዬ ደብሪቱ ከሁሉም ቀድመው ተቀበሉኝ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ባሕር ዛፋቸውን አስነቅለው አፕል የተከሉ ሴት ናቸው። ያረገፍኩትን ለፍየሎቻቸው ይሰጣሉ፤ የተረፈውን ጎረቤት እንዳያየው ሣር ይጥሉበታል።

“ጴንጤዋ፣ ይህንንም በጸሎት ነው የምታረግፊው?” ይሉኛል።

“የማረግፈው በጣቴ ነው እትዬ፤ የምጸልየው ለቀረው ነው።”

ከሳሱት ዛፎች የሚለቅሙትን ሰኞ ገበያ ሲያወርዱት የኮምቦልቻ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ይሻሙበት ነበር።

ከደጃፋቸው ያለችውን አንዷን ዛፍ ግን አላስነኩኝም። ልጃቸው ይመር በባቲ ወርዶ፣ ከጅቡቲ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ከሄደ በኋላ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። “ድምፁን አሰሚኝ፤ በሕይወት እስካለ በየዓመቱ የዚችን ዛፍ ፍሬ አንድ ሳላስቀር ለፍልሰታ አገባልሻለሁ” ብለው ለሰፈራቸው ማርያም ተስለዋል። ከስለት ላይ አንድ ፍሬ መቀነስ ለእሳቸው ከቤተ ክርስቲያን መስረቅ ነው። በእኛ በወንጌላውያን ዘንድ እንዲህ ያለ ስለት የለም። ቢሆንም የሰው ስለት መንካት እኔም ፈራሁ።

በተሳሉበት ዓመት፣ ካቻምና፣ ዛፏ እስክትጎብጥ አፈራች፤ ቅርንጫፏን በባላ ደገፍናት። ፍሬው ግን ትንንሽና ጎምዛዛ ነበር። ሰኔ ላይ ይመር ደወለ። እትዬ ደብሪቱ እልል እያሉ ከቤት ወጡ፤ ስለ ዛፏ ስለት ነገሩት፤ “የእኔ ስልክ ቢጠፋ እሷን ጠይቅ” ብለው ቁጥሬን ያስጻፉትም ያን ቀን ነው። ለፍልሰታ ያን ጎምዛዛ ፍሬ በቅርጫት አስይዘው አስገቡ።

በዓመቱ፣ አምና፣ የሳሱት ዛፎች እንደ ወትሮው አበቡ። የደጃፏ ቅጠል ብቻ ሆነች። የይመርም ስልክ ያን ሰሞን ተቋረጠ። አንድ ቀን ብሄድ እትዬ ደብሪቱን ጥቁር ለብሰው አገኘኋቸው።

“ማን ሞተብዎት?”

“ዛፏን አላየሻትም? በሕይወት እስካለ ብዬ ነው የተሳልኩት። የምሰጠውን ከነሳችኝ ልጄ የለም ማለት ነው።”

“እትዬ፣ ዛፏ ደክማ ነው። አምና ሳትሳሳ ያን ሁሉ ተሸክማለች። ስለ ይመር የምታውቀው የለም።”

“እሺ፣ የዛፏን ነገርሽኝ። የልጄንስ?”

ለቅሶ እንዳይቀመጡ እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። አልተቀመጡም፤ ጥቁሩን ግን አላወለቁም።

ዘንድሮ የካቲት ላይ ዛፏ ከላይ እስከ ታች በአበባ ተሸፈነች። ደግሞ ሳትሳሳ ብትቀር የሚመጣውን ስለማውቅ፣ “የነፍስ አባትዎን እንጠይቅ” አልኳቸውና አብረን ሄድን። ቄሱ ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ “ደብሪቱ፣ እመቤታችን ጠጠር አልለመነችሽም። የሚበላ አምጪላት” አሉ። ጥቁር ከለበሱ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

በመጋቢት፣ በጾሙ፣ ሌላ እጅ አላስገቡም። እኔ ከሥር ቆሜ አሳያለሁ፤ እሳቸው ይጠመዝዛሉ። አንዷ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

“ይቺን ብተዋትስ?”

“ከጎኗ ያለችው ትኮሰምናለች።”

“እንግዲህ ይቅር በዪኝ” አሏት፣ ፍሬዋን። ጠመዘዟት።

ሚያዝያ ላይ ጡረታ ወጥቼ ወደ ልጄ መጣሁ። ስሰናበታቸው ዛፏ የምትችለውን ያህል ብቻ ይዛ ነበር።

ይመር ለካ፣ በስልክ እንደነገረኝ፣ እስር ቤት ነበር። ዛፏ ባዶ በሆነችበት ዓመት በሕይወት ነበር፤ እናቱ ግን ሞቷል ብለው እየፈሩ አለፉ።

ከሥራዬ የያዝኩት ትምህርት ይህ ነው፦ ፍሬ በጊዜው ካልሳሳ ዛፉ ከርሞ ባዶ ይሆናል። ባዶ መሆኑ ስለ ሰው የሚናገረው ነገር የለም።

ሐምሌና ነሐሴ እዚያ የነበራችሁ የጣቢያው ባልደረቦቼና ጎረቤቶች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ያችን ዛፍ ማን ለቀማት? ፍሬው ማርያም ገብቷል? ካልገባም አትደብቁኝ፤ ለልጁ የምነግረው እውነቱን ነው። ይመር በሕይወት አለና ስለቱ አልተዘጋም። መጋቢት ሲደርስ ከእናንተ አንዱ ዛፏን ያሳሳላቸው።